ሳትናገር የምትቆም መኪና

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አዲስ መኪና ያለው ሰው መኪና አለው፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ግን ዘመድ ነው ያለው። ዘመድ ደግሞ ሰው ፊት አይታማም። እንዲህ ያለው ሰው መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ስትል «ተበላሸች» አይልም፤ «ትንሽ እያሰበች ነው» ይላል። ብትጨስ ተነፈሰች ነው። ዘይት ብታንጠባጥብ «ታዲያ ዘይት እንዳላት በምን ታሳይህ?» ብሎ ይቆጣሃል። ልትረዳው ብትጠጋ አትንካ ይልሃል፣ ብትርቅ ጨካኝ ነህ ይልሃል።

በቡላዋዮ ከተማ የዚህ ወገን አለቃ የተከበሩ ባባ ማቤና ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ነጂነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ በበጋ ሙቀት እንኳ የካፖርታቸውን ቁልፍ የማይፈቱ ሰው ናቸው። መኪናቸው በዕድሜ ከሳቸው በጥቂት ብቻ ታንሳለች። እንግሊዞች ሠርተው የረሷት፣ ዓይኗ ክብ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ናት። ስሟ ጎጎ ነው፤ አያት እንደማለት። ባባ ማቤና ስለ ጎጎ አንድ ቃል አላቸው፤ መንደሩ በሙሉ፣ በቀቀን ቢኖር በቀቀኑም ጭምር፣ በቃሉ ያውቀዋል።

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም!»

የዝናብ መጥረጊያዋ አልሠራም? የዘንድሮ ዝናብ ነው እንጂ አግድም የሚዘንበው፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እሳቸው ድንች ለሁለት ከፍለው መስታወቱን እያሹ «ውሃ በድንች ላይ አይቆምም» ብለው ያስተምሩሃል። አልነሳም አለች? ቤንዚኑ ነው። በሩ እጅህ ላይ ቀረ? ያንተ እጅ ነው። «በር የሚዘጋውን ሰው ጠባይ ያሳያል» ይሉሃል፣ በሩን በክንዳቸው አቅፈው።

ምቱሊሲ ንዚማ ይህን ሁሉ ያወቀው ዘግይቶ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። የባባ ማቤናን ልጅ ኖማላንጋን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል፤ ሽማግሌዎቹም ገና ይመላለሳሉ። መጀመሪያ ወደ ቤታቸው ሲሄድ ኖማላንጋ «አባቴ ጎጎን ሳያስተዋውቅህ ቤት አያስገባህም፤ ተዘጋጅ» አለችው። እሱም ተዘጋጀ። ጥርስ ለሌላት አሮጊት ይሆናል ብሎ ለስላሳ ዳቦና ብርቱካን ገዛ። በሩ ላይ ባባ ማቤና ተቀበሉት።

«ጎጎ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም» አሉት፣ በሐዘን።

«ውይ! ሐኪም አይቷቸዋል?» አለ ምቱሊሲ ከልቡ።

ባባ ማቤና ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ በክንዱ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት፣ የመኪናዋን የኋላ ሣጥን ከፍተው ብርቱካኑንና ዳቦውን አስቀመጡ፣ ዘጉት። ማታ ለሚስታቸው ለማሞዮ «ልጁ አስተዳደግ አለው» አሏቸው። ለሁለት ወር ያህል ምቱሊሲን የሚስተካከል ሰው በቡላዋዮ አልነበረም።

ከዚያ የአህዮቹ ነገር መጣ።

ማሞዮ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ኬዚ በሚወስደው መንገድ ላይ እህት አሏቸው። አንድ እሑድ ቤተሰቡ እህትየውን ሊጠይቅ ወጣ። ጎጎ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ባባ ማቤና መሪው ላይ፣ ኖማላንጋ አጠገባቸው፣ ማሞዮ ከኋላ ወንበር። ምቱሊሲ ደግሞ በትንሿ የጃፓን መኪናው ከኋላ ይከተላል። አማች ሊሆን ያሰበ ሰው የአማቱን መኪና አይቀድምም፤ ስለዚህ በኤሊ ፍጥነት፣ የጎጎን ጭስ እየማገ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ በያዙት ቋጥኞች መሀል ለመሀል ሄደ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ አህዮች መንገድ ዘግተው ቆመዋል። ጎጎም ቆመች። ጎጎ መቆሟን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ከኋላዋ አንድ ቀይ ብርሃን አልታየም። ምቱሊሲ የምትሄድ መስሎት ቀረበ፣ ቀረበ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ዘገየ።

ጓ!

የጎጎ ፓራውልት እንደ ድሮ ዘመን ዕቃ ሁሉ ብረት ነው፤ አንዲት ጭረት አልነካውም። የምቱሊሲ መኪና አፍንጫ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አህዮቹ እንኳ ዞረው አዩት።

ባባ ማቤና ቀስ ብለው ወረዱ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ስብርባሪውን አዩ፣ ምቱሊሲን አዩ።

«ንዚማ፣» አሉት፤ በአባቱ ስም ሲጠሩት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ «ዓይንህ ደህና ነው?»

ምቱሊሲ አፉን ከፈተ። መብራትዎ አልበራም ሊል ነበር። የሽማግሌዎቹ ፊት ታየው፣ ማሞዮም ከኋላው መስታወት እያዩት ነው፤ ቃሉን ዋጠው። «ይቅርታ ባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አላየሁም» አለ።

«አባ፣ መብራቱ እኮ አልበራም ይሆናል!» አለች ኖማላንጋ በመስኮት።

«አንቺ ገና ሳታገቢ ወገን ለየሽ? መኪናዋ ምንም አልሆነችም! ፍሬን አያያዝ ነው ያልተማረው። እኔ ባቡር ሳቆም የተሳፋሪ ሻይ አይደፋም ነበር። ይህን ልጅ ፍሬን ማስተማር ይኖርብኛል።»

እህትየው ቤት ምሳ ተበላ፤ የበቆሎ ገንፎ ከእርጎ ጋር።  ምቱሊሲን ያንገበገበው የተሰበረው መኪና አይደለም፤ ዓይኑ እየደጋገመ ማሞዮ ላይ ያርፍ ነበር። ማሞዮ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላ ነው። በዚያ መንገድ ደግሞ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ይመላለሳሉ። ከኋላ የመጣው እሱ ባይሆንስ? ከጃፓን መኪና ይልቅ ያ ድንጋይ የጫነው ቢሆንስ?

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ባባ ማቤና ቤት ሄደ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ በሚል ሰበብ። ኖማላንጋም በአባቷ ፊት ቆማ «እስቲ መብራቱን እንሞክረው» ብላ ሞገተች። ባባ ማቤና ለሰው ይሉኝታ ሲሉ እሺ አሉ። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው የኋላውን መብራት አያይም። ስለዚህ ባባ ማቤና ገቡና ምቱሊሲ ከኋላ ቆመ።

«በራ?» አሉ ባባ ማቤና።

«አልበራም፣ ባባ።»

«ደህና አድርገህ እይ!»

«እያየሁ ነው። አልበራም።»

«ፀሐዩ ነው የጋረደህ። በእጅህ ከልለህ እይ።»

ከለለ። አጎነበሰ። መብራቱን ሊሳለመው እስኪመስል ተጠጋ። «አልበራም፣ ባባ።»

በዚህ ጊዜ ባባ ማቤና ተናደው ይመስላል፣ ፔዳሉን በሙሉ ክብደታቸው ደቆሱት። መብራቱ ቦግ አለ።

«በራ!» ጮኸ ምቱሊሲ።

«አላልኩህም!»

ኖማላንጋ ግን የጎጎን ጥገና እያየች ነው ያደገችው። ኮፈኑን ከፍታ ከፍሬን ዘይቱ ቱቦ ላይ ከተሰካችው አውራ ጣት ከምታህል ማብሪያ ሁለቱን ሽቦዎች ነቀለችና ጫፍ ለጫፍ አነካካቻቸው። ማንም ፔዳል ሳይነካ መብራቱ ፏ ብሎ በራ።

«አየህ አባ? አምፖሉ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ፊውዙ ደህና። የደከመችው ይህች ማብሪያ ናት። ዘይቱ ሲገፋት ነው የምታበራው፤ አሁን ካልደቆስካት አልሰማም ብላለች። አንተ ደግሞ በእርጋታ ነው የምትይዘው።»

«እና በእርጋታ መያዜ ጥፋት ሆነ?»

«ማንም ጥፋት አላለም። በአዲስ ትቀየር ነው ያልኩት።»

ባባ ማቤና ሽቦዎቹን ከእጇ ተቀብለው መልሰው ሰኩ፣ ኮፈኑን ዘጉ። «መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም።

ምቱሊሲ ተስፋ አልቆረጠም። ለጋራዥ ትሰጥ ቢላቸው «ጎጎ በሰው እጅ ገብታ አታውቅም» አሉት። አዲስ ማብሪያ አፈላልጎ ገዝቶ ቢያመጣላቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑ፣ «ሲመቸኝ» አሉ፣ አስቀመጡት። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፤ አልተመቻቸውም። ጎጎ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች፣ ሳትናገር እየቆመች፣ ከኋላዋ የሚመጣው ሁሉ እየጮኸባት ከረመች። ምቱሊሲ መድኃኒት እየቆጠረ ሐሳቡ እዚያ መንገድ ላይ ይቀር ጀመር። ሰው ራሱን ብቻ የሚጎዳበት ግትርነት አለ፤ ይህ ግን ሚስትን ከኋላ አስቀምጦ ነው። እያደር ንዴቱ ባሰ። አንድ ቀን «አባትሽን ከልብ ሳከብራቸው ኖሬ እንዳልንቃቸው ፈራሁ» አላት ኖማላንጋን።

ቃሉ ሳያስበው ነው የወጣው። እሷ ግን አልተቀየመችውም። ወደ አባቷ የመሣሪያ ክፍል ይዛው ሄደች፤ ባባ ማቤና አልነበሩም። መደርደሪያው ላይ፣ ከምቱሊሲ ስጦታ አጠገብ፣ ሌሎች ሁለት አዳዲስ ማብሪያዎች ገና ከመጠቅለያቸው ሳይወጡ ተቀምጠዋል።

ምቱሊሲ ግራ ገባው። «ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ካንተ በፊት ነው ያወቀው። ገዝቷል። ግን አይቀይረውም።»

«ለምን?»

ኖማላንጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ማብሪያዋ ስትፈታ የፍሬኑ ዘይት ይፈሳል፣ አየር ይገባል። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይፈታል፣ ይዘጋል፤ አንዱ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ይለቅቃል። ዕድሜ ልኩን የምትረግጥለት እናቴ ናት። እኔን እንኳ አያስረግጠኝም። እናቴ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ትገባለች፤ እሱ ከሥር ‹ርገጪ› ይላል፣ ‹ያዢ› ይላል፣ ‹ልቀቂ› ይላል፤ በመሀል ስለ ሰው፣ ስለ ቤት፣ ስለ ድሮ ያወራሉ። ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።»

«እሺ?»

«አምና ስትረግጥ ጉልበቷ ያዛት። ‹ያዢ› አላት፣ ያዘች፤ ‹ልቀቂ› ሲላት መልቀቅ አቃታት። ድምፅ አላሰማችም። ከሥር ወጥቶ ሲያያት እንባዋ እየወረደ ነው። አቅፎ አወረዳት። ‹አረጀሁ፣ ላንተም አልሆንም› አለችው። አባቴ የእጅ መሣሪያውን ሰብስቦ ቆለፈና ምን እንዳላት ታውቃለህ? ‹መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ዝም ብዬ ነው የነካካኋት።› ከዚያ ወዲህ አልነካትም። ሌላ ሰው ቢያስረግጥ እናቴ አቃታት ማለቱ ነው፤ ጋራዥ ቢሰጣትም እንደዚያው።»

 ምቱሊሲ እነዚያን ማብሪያዎች አየ። ሰውየው እያንዳንዷን ሲገዙ «ዛሬስ» ብለው ሳይሆን አይቀርም፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ማሞዮ ጉልበታቸውን ደግፈው ሲነሱ ያያሉ። ንዴቱ የት እንደሄደ አላወቀም። የቀረው ነገር የዚያ መንገድ ፍርሃት ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ከበደ፤ አሁን የሚፈራላቸው ለሁለቱም ነውና።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ባባ ማቤና ጓሮ ውስጥ የጎጎን መስታወት ይወለውላሉ፤ ማሞዮ ጥላው ሥር ተቀምጠው ቅጠል ይቀነጥሳሉ። ምቱሊሲ በወጉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ከዚያ ማሞዮም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ባባ፣ የዚያን ቀን ፍሬን አስተምርሃለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ለመማር ነው የመጣሁት። ሚስት የሚያገባ ሰው መቆም ማወቅ አለበት ብዬ። ግን ከሥሩ ጀምሮ ነው መማር የምፈልገው። ዘይቱ እንዴት እንደሚሄድ፣ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ። ፈቃድዎ ከሆነ… እኔ ልርገጥ፣ እርስዎ ከሥር ሆነው ያስተምሩኝ።»

ባባ ማቤና ጨርቁን አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት። ልጁ ምን ይዞ እንደመጣ ገብቷቸዋል፤ ሞኝ አይደሉም። ወደ ማሞዮ ሳያዩ «ተማሪ አልቀበልም፤ አርጅቻለሁ» አሉ።

«ተቀበለው እንጂ፣ አንተ የኖማላንጋ አባት!» አሉ ማሞዮ ከጥላው። «ልጁ ልማር ሲል እምቢ ይባላል?»

«ያ ወንበር ያንቺ ነው።»

ማሞዮ ቅጠሉን አስቀመጡ። «እኔ ያን ፔዳል ወድጄው የኖርኩ መሰለህ? እሱ ብረት ነው። እኔ የምወደው አንተ ከሥር ተኝተህ ስታወራኝ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጠህ መቼ ነው እንደዚያ አውርተኸኝ የምታውቀው?»

 ባባ ማቤና ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ። በመጨረሻ አወለቁት። ምቱሊሲ ባባ ማቤናን ያለ ካፖርት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሰው ከጠበቀው በላይ ቀጭን ነው።

ማሞዮ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔ ከኋላ ቆሜ መብራቱን አያለሁ» አሉ።

ሥራው ተጀመረ። ማብሪያዋ ተፈታች፣ ዘይቱ ተንጠባጠበ፣ አዲሷ ገባች። ከዚያ ባባ ማቤና ክሪኩን አጥብቀው፣ ድንጋይ አስደግፈው፣ በጀርባቸው ከሥር ገቡ። ምቱሊሲ ከባልና ሚስቱ በቀር ሰው ተቀምጦበት የማያውቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ፣ ባባ።»

«ያዝ!… ልቀቅ። ርገጥ!… ያዝ! ሰው ስትጨብጥ እንዲህ ነው የምትይዘው? ያዝ አልኩህ!… ልቀቅ።»

ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ዞሩ። የምቱሊሲ ባት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማሞዮ ይህን ሹራብ እየሠሩ እንዴት ቻሉት ብሎ ተደነቀ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሲደርሱ ከሥር የሚመጣው ድምፅ ዝቅ አለ።

«ርገጥ። ያዝ።… ያን ቀን፣ አህዮቹ ጋ።»

«አቤት ባባ።»

«አትልቀቅ፣ ያዝ።… መብራቱ እንዳልበራ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አንተ በሰው ፊት ተሸከምክልኝ።»  ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ተሰማ። «ልቀቅ።»

ምቱሊሲ ለቀቀ። መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ማሞዮ ከኋላ ሆነው ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ግን መብራቱ ላይ ነው።

ባባ ማቤና በዘይት ተጨማልቀው ወጡ። «አሁን» አሉ፣ «እንደ ባቡር ነጂ ርገጥ። የሰው ሻይ እንዳይደፋ።»

ምቱሊሲ በጫማው ጫፍ ብቻ ፔዳሉን ነካ።

«በራ!» አሉ ማሞዮ። «በራ! ልቀቀው… ጠፋ። ንካው… በራ!» ምርኩዛቸውን ጥለው እያጨበጨቡ ነበር።

ባባ ማቤና እጃቸውን በአሮጌ ጨርቅ እየጠረጉ ቀረቡ። «ይህች ማብሪያ» አሉ በሐኪም ኩራት፣ «ዕድሜ የላትም። እንዳሁኑ ጊዜ ዕቃ ሁሉ ናት፤ ዓመት ብትቆይ ነው። ከዚያ መቀየሯ አይቀርም። ያኔም አንተ ነህ የምትረግጠው። በየዓመቱ። ልጆች ብትወልዱም፣ ሌላ ከተማ ብትሄዱም፣ እዚህ መጥተህ ትረግጣለህ። ሰማህ ልጄ?»

የምቱሊሲ ሽማግሌዎች ገና ሁለት ጊዜ መመለስ ነበረባቸው፤ ብዙ ያወራሉ፣ ብዙ ይከራከራሉ። ምቱሊሲ ግን በዚያች ወንበር ላይ ነገሩ ማለቁን አወቀ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤተሰቡ እንደገና ወደ ኬዚ ወጣ። በዚህኛው ጉዞ ኖማላንጋ ከምቱሊሲ ጋር ሆነች፤ ማሞዮ ከባላቸው ጎን ከፊት ተቀመጡ። ከከተማ ሲወጡ መንገዱ ባዶ ነበር፤ አህያ የለም፣ ሰው የለም፣ መኪና የለም፣ እስከ ቋጥኞቹ ድረስ ቀጥ ያለ አስፋልት ብቻ። የጎጎ የኋላ መብራት ግን ቦግ አለ። ጠፋ። ደግሞ ቦግ አለ።

«ምን አይቶ ነው?» አለች ኖማላንጋ አንገቷን አስግጋ።

«ምንም አላዩም፤ መብራቷን እያሳዩን ነው» አለ ምቱሊሲ።

መብራቱ ሦስተኛ ጊዜ በራና ጠፋ። ምቱሊሲ በመስታወቱ ወደ ኋላው አየ፤ ከኋላው ማንም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ እሱም እግሩን አንሥቶ፣ በእርጋታ፣ ፍሬኑን ነካ አደረገ።